ሳላስፈቅድ የጻፍኩት መስመር

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ የሥራ ዘመን ትዝታ መጻፍ ትንሽ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ግን ባለፈው ወር የመጨረሻውን የፋይል ሳጥን ቁልፍ አስረክቤ፣ የተረካቢው ፊርማ ያለበትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከትቼ ስወጣ፣ አንድ ሥራ በእርግጥ አልቆ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩበት የቤተ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት ማመልከቻ የምንጽፍበትን ክፍል ዘጋ። የዘጋው በክፉ አይደለም። ሥራውን የሰፈር ዕድሮች ራሳቸው ባቋቋሙት ኮሚቴ ስለተረከቡት ነው። እኔ አሁን እዚሁ በሲዳማ ከተማችን፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ የሰው ጽሑፍ አስተካክላለሁ። ከዚህ በፊት ያለውን ሳይረሳኝ ልጽፈው ፈለግሁ።

የጀመርኩት በጥበቃነት ነው። ትምህርት ከአሥረኛ ክፍል ወዲያ አልቀጠልኩም። በሃያ ሁለት ዓመቴ የድርጅቱን የብረት በር ስከፍትና ስዘጋ እውል ነበር። ቢሮው የተበላሹ ረቂቆችን በካርቶን ሰብስቦ በር ላይ ያስቀምጣል፤ ማቃጠሉ የእኔ ድርሻ ነው። ከማቃጠሌ በፊት አነባቸዋለሁ። የተሰረዘውን ቃል ከላዩ ከተጻፈው ጋር እያስተያየሁ ለምን እንደተለወጠ ለማወቅ እሞክራለሁ። «እለምናለሁ» ተሰርዞ «እጠይቃለሁ» ተብሏል። «ምስኪኗ እናት» የሚለው ተሰርዞ ስማቸው ብቻ ቀርቷል። የጽሑፍ ትምህርት ቤቴ ያ ካርቶን ነበር።

ረቂቆቹን የሚጽፉት ጋሽ ማቴዎስ ነበሩ። ፍርድ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት አገልግለው ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤተ ክርስቲያናቸው ጠይቃቸው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሲዳምኛ አፍ የፈቱበት ነው፤ አማርኛቸው ግን እንደ ፍርድ ቤት ማኅተም ጥርት ያለ ነው። አንድ ጠዋት ሲገቡ፣ በትናንቱ ረቂቅ ላይ ሐሙስ ብለው የጻፉት ቀን ዓርብ እንደሚውል ነገርኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ።

«ከዚህ በር ሆነህ ነው ይህን ያየኸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ውስጥ ብትገባማ ምን ልታይ ነው» ብለው አለፉ። በሁለተኛው ሳምንት ከጠረጴዛቸው አጠገብ አንድ ወንበር ተጨመረልኝ። ደመወዜ ለአንድ ዓመት የጥበቃው እንደሆነ ቆየ፤ ቅር አላለኝም።

ሥራችን በአጭሩ እንዲህ ነበር። ድህነት ብቻ ሳይሆን የሰው ፊት መንሳት ያጎበጠው ሰው ይመጣል። መታወቂያ የሌለው ሰው ሐኪም ቤት የጤና መድን አይሠራለትም፤ ቤት የሚያከራየው የለም። አካሉ የተጎዳ ሰው ሥራ ሊጠይቅ ሄዶ ከበር ይመለሳል። ድርጅቱ ዘይትና ብርድ ልብስ ያድል ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች አንዳንዶቹም ያ ይበቃል ይሉ ነበር። ወረቀት ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ መዞር የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው ወይ ብለው በስብሰባ ጠየቁ። ጋሽ ማቴዎስ የመለሱት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ብርድ ልብስ የሰጠነው ሰው አሁንም ውጭ ነው የተቀመጠው፤ ለብሶ ነው እንጂ።» ኃላፊያችን የነበሩት ሴት ይህን በማስታወሻቸው ጻፉት። ክፍላችን እስከ መጨረሻው በጀት ያላጣው በዚያ ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል።

የጋሽ ማቴዎስን አሠራር አንድ በአንድ ተምሬዋለሁ። ማመልከቻ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ነገር ከጠየቅህ ባለሥልጣኑ ቀላሉን ሰጥቶ ከባዱን ይተወዋል። መጀመሪያ መመሪያው ምን እንደሚል፣ ቀጥሎ የሆነው ነገር፣ በመጨረሻ የሚጠየቀው። ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ሳይመታ ከቢሮው አይወጣም። ከባለጉዳዩ ጋር እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ፤ ጸሐፊዋ አውቃቸው «ጋሼ፣ ይግቡ» ስትላቸው «ተራችን አልደረሰም» ይላሉ። የተጻፈውንም ለባለጉዳዩ በሚሰማው ቋንቋ ቀስ ብለው ያነቡለታል።

ከሁሉም በፊት ግን ብዕር ሳያነሱ የሚጠይቁት ጥያቄ ነበር፦ «ምን እንዳይጻፍ ትፈልጋለህ?» ሰዎች ግራ ይገባቸዋል። አንዳንዶቹ ይስቃሉ። አንዲት እናት «ዕድሜዬ» ብለውን ስቀናል። ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የልጁን ስም፣ የታመመበትን በሽታ፣ የመጣበትን ቀዬ ይናገራል፤ ጋሽ ማቴዎስም ያንን በትንሽ ብጣሽ ወረቀት ጽፈው፣ ማመልከቻው ካለቀ በኋላ ከብጣሹ ጋር አስተያይተው፣ ብጣሹን ቀድደው ለባለጉዳዩ በእጁ ይሰጡታል።

መጀመሪያ ብቻዬን የያዝኩት ጉዳይ መናኸሪያ ዕቃ የሚሸከሙ የአንድ አባት ነበር። ከትውልድ ቀበሌያቸው መሸኛ ስላላመጡ ለብዙ ዓመት መታወቂያ አልነበራቸውም። ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሁለት ጊዜ አብሬያቸው ገጠር ሄድኩ። መታወቂያውን ባገኙ ቀን ሊያሳዩኝ መጥተው ፎቶውን እያገላበጡ «ይኼ ሰውዬ ማን ነው? ዕቃ ይዞ አይጠፋም?» አሉኝ። ያን ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እንዲህ ያለ ቀን ብዙ አይቻለሁ፤ ለእያንዳንዱ አመሰግናለሁ።

አሁን ከባዱን ልጻፍ።

አንድ ዓርብ ጠዋት አስቴር የምትባል ሴት መጣች። የመጣችው ስለ እናቷ ነበር። እናቷ እማማ ዳንጊሴ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ድስትና እንስራ ሲሠሩ የኖሩ፣ ከሸክላ ሠሪ ዘር የተወለዱ። በአካባቢያችን ሰው ከሸክላ ሠሪ ቤት ዕቃ ይገዛል፤ የበሰለ ግን አይበላም። እማማ ዳንጊሴ የሰፈሩ ዕድር አባል ሆነው መዋጯቸውን አንድም ወር አላስተጓጎሉም። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ምግብ ይዘው መሄድ አይችሉም፤ ከወጥ ቤት ተራም አይገቡም። እነሱ ቤት ሰው ሲሞት ደግሞ ዕድሩ ድንኳንና ወንበር ይልካል፤ ወጥ የሚሠሩትን ሴቶች አይልክም። ለቀስተኛው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሳይቀምስ ይሄዳል። ይህ በዕድሩ ደንብ ውስጥ አልተጻፈም። ልማድ ነው።

«አባቴ ሲሞት ዘመዶቻችን የሠሩት ምግብ እንዳለ ተረፈ» አለች አስቴር። «እናቴ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍራ ደፋችው። አሁን እሷ ራሷ አርጅታለች። ሞቱን አትፈራም። የምትፈራው ለቅሶዋ ላይ ሰው ሳይበላ እንዳይሄድ ነው።»

የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ እሑድ ከሰዓት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚሰበሰበው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ጋሽ ማቴዎስ ደግሞ የዓይናቸውን ሞራ ለማስገፈፍ አዲስ አበባ ሄደዋል። አስቴር ስታወራ ተናደደች፤ ስትናደድም ስለ ራሷ ነገረችኝ። መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት አላት። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ትኬት ቆራጩ እዚያ ነው የሚበላው። ከዚያው ዕድር እንኳ በየቀኑ የሚመጡ አሉ። የማን ልጅ እንደሆነች አያውቁም። «እጄ ላይ በልተው እናቴ ጋ ሲደርሱ አፋቸውን ይይዛሉ» አለች።

እኔ ይህን ሁሉ በዝርዝር ጻፍኩ። ቅዳሜን ሙሉ ማመልከቻውን ሳቃና ዋልኩ። ዕድሩ በደንቡ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨምር የሚጠይቅ ነበር፦ የወጥ ቤት ተራ ለአባላት ሁሉ እኩል ነው የሚል። ለዚህ ማስረጃ ያስፈልገኛል ብዬ አሰብኩ፤ ማስረጃውም እጄ ላይ ነበር። በሦስተኛው አንቀጽ ላይ እንዲህ አልኩ፦ «የአመልካቿ ልጅ ወይዘሮ አስቴር በመናኸሪያ አካባቢ ምግብ ቤት ያላቸው ሲሆን፣ የዚህ ዕድር አባላት ጭምር ለዓመታት ሲመገቡበት ቆይተዋል፤ አንድም ሰው ጉዳት አልደረሰበትም።» ደግሜ ሳነበው ኮራሁ። መልስ የሌለው ክርክር መሰለኝ። ምን እንዳይጻፍ እንደምትፈልግ አልጠየቅኳትም። ረስቼው ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ አልረሳሁም። ዓርብ ዕለት ጥያቄው አፌ ላይ መጥቶ፣ ጊዜ የለም፣ ደግሞም ለእሷ ጥቅም ነው ብዬ ተውኩት።

እሑድ የዕድሩ ጸሐፊ ለጉባኤው አነበበው። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ደረሰ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሾፌር ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «የአስቴር ቤት ማለቱ ነው?» አለ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ የሆኑት እትዬ ብዙነሽ፣ ቀጥ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው፣ «ታዲያ ይኼ ማመልከቻ ነው ወይስ የበላችሁትን ትፉ ነው የሚለን?» አሉ። አንዳንዱ ሳቀ። አንድ ሰው ተነሥቶ ወጣ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላለፈ።

እስከ ማክሰኞ የአስቴር ምግብ ቤት ወንበሮች ባዶ ሆኑ። አስተናጋጇ ልጅ እናቴ አትሂጂ አለችኝ ብላ ቀረች። ሐሙስ ዕለት አስቴር ቢሮ መጣች። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ወንበር ስስብላት አልተቀመጠችም።

«ያንን ወረቀት በስንት ቀን ጻፍከው?» አለችኝ።

«በአንድ ቀን።»

«እኔ አሥራ አንድ ዓመት ነው ያልነገርኩት።»

በሩን ቀስ ብላ ዘግታው ሄደች።

ጋሽ ማቴዎስ በሳምንቱ አንድ ዓይናቸው ታስሮ ተመለሱ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ማመልከቻውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ጨርስ አሉኝ፤ ጨረስኩ።

«ጥሩ ተጽፏል» አሉ። «ግን የእሷ አይደለም። የአንተ ነው።»

በዚያው ቀን የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ለኃላፊያችን ሰጠሁ። አንብበው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ ጋሽ ማቴዎስን አነጋግር አሉኝ። ጋሽ ማቴዎስ ደግሞ ብለቅ ለእኔ ዕረፍት እንደሚሆንልኝ፣ ለአስቴር ግን አንድም ሰው ወደ ወንበሯ እንደማይመልስላት ነገሩኝ። ከዚያ ኮታቸውን አንሥተው «እንሂድ» አሉ።

አስቴር ባዶው ምግብ ቤት ውስጥ ብቻዋን ምስር ትለቅም ነበር። ጋሽ ማቴዎስ ያን ያህል ሽማግሌ ሆነው ሳለ፣ ተቀመጡ እስክትላቸው ድረስ ቆሙ። መጀመሪያ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ «ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የእኔም ነው» አሏት። ቀጥሎ እኔ ጠየቅሁ። የተናገርኩትን አሁን በትክክል አላስታውሰውም፤ ቃላቱ አጭር እንደነበሩ ብቻ አውቃለሁ። ኃላፊያችን የድርጅቱ ሠራተኞች ምሳቸውን በየቀኑ እዚያ እንዲበሉ አስበው ነበርና ጋሽ ማቴዎስ ያንንም አነሡላት።

«አይሆንም» አለች። «የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተሰልፈው ቢበሉልኝ፣ አዝነውላት ነው ይባላል። ያኔ ጭራሽ ጨረሳችሁኝ።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አሉ ጋሽ ማቴዎስ።

ከምስሩ ውስጥ አንድ ጠጠር አውጥታ ወለሉ ላይ ጣለች። «ማመልከቻውን እንዳታነሡት። አንዴ ወጥቷል። አሁን ብትተዉት ያጣሁት በከንቱ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «የምትጽፈውን ግን መጀመሪያ እኔ እሰማዋለሁ» አለችኝ። በእኔ ላይ ያላትን እምነት ጨርሳ አለመጣሏን የዚያን ቀን አወቅሁ። እስከ ዛሬ ከተሰጠኝ ነገር ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

የሚቀጥሉትን ወራት በእግራችን ነው የሠራነው። ጋሽ ማቴዎስ አንድ ዓይናቸው እስኪፈታ እንኳ አልጠበቁም። የዕድሩን አባላት ቤት ለቤት ሄድን፤ አስቴርም ስትችል አብራን ትሄድ ነበር። በሰፈሩ ያሉ አንድ ቄስ፣ አንድ ሼኽና የእኛ ፓስተር አንድ ላይ ሆነው እማማ ዳንጊሴ ቤት ገብተው ምሳ እንዲበሉ ጋሽ ማቴዎስ አስማሟቸው፤ በየፊናቸው በኋላ ስለዚያ ምሳ ለምእመኖቻቸው ተናገሩ። እትዬ ብዙነሽ ቤት ሦስት ጊዜ ሄደናል። ሦስቴም በደንብ ተቀብለው፣ በደንብ አስተናግደው፣ እምቢ አሉን። ያደጉበት ነገር በወረቀት እንደማይለቅ በግልጽ ነገሩን። በቅንነታቸው አልተቀየምናቸውም።

የአስቴር ምግብ ቤት እስከ ሁለተኛው ጉባኤ አልቆየም። አከራዩ ኪራይ ጨመረባት፤ ወንበሮቹን ሸጣ ወጣች። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ለተማሪዎች መሸጥ ጀመረች። ከየአገሩ የመጡ ልጆች ናቸው፤ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቃት አልነበረም። ገበያዋ ግን የቀድሞውን ግማሽ አያክልም። ይህን የምጽፈው የእኔ መስመር ያስከተለው ጥፋት በኋላ በመጣው ነገር እንዳልተሰረዘ እንዲታወቅ ነው።

በሁለተኛው ጉባኤ ማንም ማመልከቻ አላነበበም። አስቴር ራሷ ተነሣች። መጀመሪያ በሲዳምኛ፣ ከዚያ በአማርኛ ተናገረች። አሥራ አንድ ዓመት እንዳበላቻቸው፣ ሳይከፍል የሄደ ካለም እንደማትጠይቀው አለች፤ ሰዉ ሳቀ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ» አለች። «የቀፈፋችሁ ወጡ ነው ወይስ እኔ?»

እትዬ ብዙነሽ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «ወጡስ ጥሩ ነበር» አሉ።

ዓረፍተ ነገሩ በአራት ድምፅ ብልጫ ደንቡ ላይ ተጻፈ። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ ቆጠረ፤ እኔም ከኋላ ሆኜ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። እትዬ ብዙነሽ እጃቸውን አላነሡም። እማማ ዳንጊሴ ልጃቸው ስትነግራቸው «መጻፉን ጻፉት፤ መብላቱን እናያለን» አሉ። እውነታቸውን ነበር። እጅ ማውጣትና እጅ ታጥቦ መቅረብ ይለያያል።

እማማ ዳንጊሴ በተከታዩ ክረምት ዐረፉ። ዝናቡ ጠዋት ቆም ሲል ደረስኩ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ጋሽ ማቴዎስ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። ከጓሮ በኩል የወጥ ቤት ተረኞች ይመጣሉ ወይስ አይመጡም የሚለው ነገር በሁሉም ልብ ውስጥ ነበር። አስቴር ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ በሩን ታያለች።

እትዬ ብዙነሽ ስድስት ሴቶች አስከትለው ገቡ። አልቅሰው፣ አስቴርን አቅፈው ሲያበቁ ቀና ብለው «ያኔ እጄን አላወጣሁም፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ እንጃ» አሏት። «ተራው ግን የእኔ ነው። ሽንኩርቱ የታለ?»

እኔ ውኃ አቀብል ስለነበር ወጥ ቤቱን አያለሁ። ወጡ መንተክተክ ጀመረ። እትዬ ብዙነሽ ማማሰያውን አንሥተው፣ ወጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። ያደረጉትን ያወቁት ከቀመሱ በኋላ ይመስለኛል፤ ማማሰያው ትንሽ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ «ጨው አነሰው» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። አንዷ ጨው አቀበለቻቸው።

ምግቡ ወደ ድንኳኑ ሲወጣ ትሪ ከሚሸከሙት አንዱ ነበርኩ። መጀመሪያ የቀረበው ለሽማግሌዎቹ ነው። ጥቂቶች ሳይቀምሱ ተነሥተው ሄደዋል፤ እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ አልጽፈውም። የቀሩት በሉ። ያ በጉባኤው «የአስቴር ቤት ማለቱ ነው?» ብሎ የጠየቀው ሾፌር ጭማሪ አምጣልኝ አለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እትዬ ብዙነሽ ረዳቶቻቸውን ሲቆጡ ሰማሁ። ከኋላ የመጡ ለቀስተኞች ተቀምጠዋል፤ የሚቀርብላቸው ጠፍቷል። ለቅሶ ቤት ምግብ ማነስ ነውር ስለሆነ በኀዘኗ ላይ ይህን መንገር ከበደኝ። ቢሆንም ወደ አስቴር ሄጄ ጎንበስ አልኩ።

«ምግቡ አልበቃም። ዳቦ ልግዛ ወይ?»

«አልበቃም?»

«አልቋል።»

«ሁሉም?»

«ድስቱ ተጠርጓል።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አጠገቧ ያሉት ሴቶች እናቷን አስታውሳ መስሏቸው አብረው አለቀሱ። ጥቂት ቆይታ ፊቷን ገለጠችና እኔ እዚያው ቆሜ አየችኝ።

«ምን ትጠብቃለህ ታዲያ?» አለች። «ሰው እየራበው ነው። ሂድ ግዛ።»